ዊትሊ ኮርት፦ እሳቱ የተወውን ዝናብ ጨረሰው

በእንግሊዝ አገር በዉስተርሺር፣ ከዉስተር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዊትሊ ኮርት የሚባል ጣሪያ የሌለው ትልቅ የባላባት ቤት አለ። ታሪኩን ብዙ ሰው ባጭሩ «በ1937 ተቃጠለና ፈረሰ» ይለዋል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባባሉ ለመያዝ ይመቻል እንጂ ነገሩን አይገልጸውም። እሳቱ የበላው የቤቱን አንድ ክፍል ነው። የቀረውን የጨረሰው መጀመሪያ አይጠገን ተብሎ የተወሰነው ውሳኔ፣ ቀጥሎ ጣሪያውን የነቀለው ገበያ፣ በመጨረሻም ዝናብ ነው። እሳቱ የአንድ ሌሊት ሥራ ነበር፤ ሌላው ሠላሳ አምስት ዓመት ፈጅቷል።

ይህን በድፍረት ለማለት የሚያስችለው ማስረጃ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ከቤቱ ጎን ተጠግቶ የቅዱስ ሚካኤልና የመላእክት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም በ1850ዎቹ በአንድ አርክቴክት እጅ፣ በአንድ ዓይነት ድንጋይ ተሸፍነዋል። የሚወርድባቸው ዝናብና የሚመታቸው ውርጭም አንድ ነው። አንዱ እስከ ዛሬ ጸሎት ይደረግበታል፤ በሌላው ውስጥ ቆሞ ሽቅብ የሚያይ ሰው ሰማይ ያያል። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ጣሪያ ነው።

ቤቱ እንዴት ተሠራ

ዊትሊ ኮርት በአንድ ጊዜ ታቅዶ የተሠራ ቤት አይደለም። እምብርቱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቀይ ጡብ ነው። በብረት ሥራ የበለጸገው ቶማስ ፎሊ ርስቱን የገዛው በ1655፣ ከእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነበር። በሰሜን በኩል ሁለት ማማዎች ተተከሉ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ግራና ቀኝ ክንፎች ወጥተው የመግቢያውን አደባባይ አቀፉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አርክቴክቱ ጆን ናሽ መጣና በሰሜንም በደቡብም በኩል አዮኒክ በሚባለው የጥንት ግሪክ ስልት በተሠሩ ዓምዶች የቆሙ ግዙፍ በረንዳዎች ጨመረበት። ዛሬ ፎቶ የሚነሳው ሁሉ የሚቆምበት የደቡቡ በረንዳ የናሽ ሥራ ነው።

የፎሊ ቤተሰብ ገንዘቡ ሲያልቅ ርስቱን በ1837 በ890,000 ፓውንድ ሸጠ። ገዢዎቹ የወጣቱ የዊልያም ዋርድ ሞግዚቶች ነበሩ፤ በኋላ የዳድሊ አርል (አርል የባላባት ማዕረግ ነው) የሆነው ሰው ነው። የዋርድ ሀብት የመጣው በበርሚንግሃም አቅራቢያ «ጥቁሩ አገር» ከሚባለው አካባቢ የድንጋይ ከሰልና ብረት ነው። ከ1843 እስከ 1846 ቤቱን የንጉሥ ዊልያም አራተኛ ሚስት የነበረችው ንግሥት አደሌድ ተከራይታ ኖረችበት። በ1850ዎቹ ዋርድ ሳሙኤል ዶክስ የሚባል አርክቴክት ቀጥሮ ቤቱን ከላይ እስከ ታች በጣሊያን ፋሽን አሳደሰው።

የዶክስ ሥራ ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። ነባሩን ጡብ አላፈረሰም፤ በላዩ የባዝ ድንጋይ አለበሰው። የባዝ ድንጋይ ወርቃማ ቀለም ያለው፣ ከጉድጓድ ሲወጣ በመጋዝ የሚቆረጥ፣ ከደረቀ በኋላ የሚጠነክር ኖራማ ድንጋይ ነው። ስሙን ያገኘው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ከተቀመጡባት ከባዝ ከተማ ነው፤ ዊትሊ ኮርት በተቃጠለበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያቸው እዚያ ፌርፊልድ ሐውስ ነበር። ድንጋዩ ውብ ነው፤ ግን ቀጭን ልብስ ነው። ሸክሙን የሚሸከመው ከኋላው ያለው ጡብ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሽፋን ከጡቡ ጋር የሚታሰረው ብዙውን ጊዜ በብረት ማያያዣ ነበር። ጣሪያው እስካለና ግድግዳው እስከ ደረቀ ድረስ ይህ አሠራር መቶ ዓመትም ሁለት መቶ ዓመትም ይቆማል። ግድግዳው በላዩ በኩል ውሃ መጠጣት ከጀመረ ግን የመጀመሪያው ጠላት ያው የተደበቀው ብረት ነው።

የአትክልቱን ሥራ የመራው ዊልያም አንድሩስ ኔስፊልድ ነበር። የእሱ ትልቁ ሥራ የፐርሲየስና አንድሮሜዳ ፏፏቴ ሲሆን ሐውልቱን የቀረጸው ጄምስ ፎርሳይዝ ነው። ዋናው የውሃ ፍንጣቂ 36 ሜትር ያህል ይወጣ ነበር። ይህ ቁጥር ለጌጥ የተጠቀሰ አይደለም። አሥር ሜትር የውሃ ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ይጠይቃል፤ 36 ሜትር ለመወርወር ደግሞ በቱቦው ውስጥ የሚባክነውንና የአየሩን መቋቋም ሳይቆጥሩ 3.6 ባር ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሃው በእንፋሎት ሞተር ኮረብታ ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይገፋና ከዚያ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ለእሳት አደጋ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት ያለው የገጠር ቤት በዘመኑ ብዙ አልነበረም፤ ግፊቱም መጠኑም ነበረ።

ከ1920 እስከ 1937፦ ግማሹ የተዘጋ ቤት

ሁለተኛው የዳድሊ አርል የአየርላንድ እንደራሴ፣ ከ1908 እስከ 1911 ደግሞ የአውስትራልያ ጠቅላይ ገዢ ነበር። ሹመቱ ወጪ እንጂ ገቢ አልነበረም። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ርካሽ የአሜሪካ እህል የእንግሊዝን የእርሻ ኪራይ ጥሎታል። የውርስ ግብሩም ሽቅብ ይወጣ ነበር፦ በ1894 ሲጀመር ከፍተኛው 8 በመቶ፣ በ1919 40 በመቶ፣ በ1949 80 በመቶ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ከአንድ ሺህ በላይ የገጠር ባላባት ቤቶች ፈርሰዋል፤ አብዛኞቹን የጣላቸው የሒሳብ መዝገብ እንጂ እሳት አይደለም።

አርሉ በ1920 ሸጠ። የገዛው ሰር ኸርበርት ስሚዝ የኪደርሚንስተር ምንጣፍ አምራች ነበር። ቤቱን በጥቂት ሠራተኛ ያዘው፤ ብዙው ክፍል ተዘጋ። ውሳኔው ከኪስ አንጻር ምክንያታዊ ነው፤ ከጥገና አንጻር ግን የተዘጋ ክፍል ማለት ማንም የማይገባበት፣ ጭስ ቢሸት የሚያሸተው ሰው የሌለበት ክፍል ማለት ነው። የፏፏቴው ፓምፕ የቤት መኳኳያ ተደርጎ ስለታየ ተተወ። አንድ ሆኖ ሁለት ሥራ፣ ፏፏቴውንም እሳት መከላከሉንም፣ ይሠራ የነበረ መሣሪያ የመጀመሪያ ሥራው ሲቀር ሁለተኛውም እንደሚቀር የታሰበበት አይመስልም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነበር።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1937 እሳቱ በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን፣ በምድር ቤቱ የዳቦ መጋገሪያ በኩል ተነሣ። ፓምፑ አልሠራም።

እሳት በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሚጓዘው በበር በኩል አይደለም። ግድግዳው የተለሰነው በቀጫጭን የእንጨት ርብራብ ላይ ስለሆነ ከልስኑ ጀርባ ክፍት ቦታ አለ። ከሳንቃው ወለል ሥር፣ ከኮርኒሱ በላይ፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ፣ የአገልጋዮች ደረጃ በሚወጣበት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሁሉ አየር ይሄዳል። እሳቱ ምድር ቤት ተነሥቶ ከሁለት ፎቅ በላይ ጣሪያ ሥር ሊወጣ ይችላል፤ መካከል ላይ ያለው ሳሎን ግን ገና ጭስ እንኳ አላየም። ጣሪያ ሥር ከደረሰ በኋላ የሚያቆመው ክፍልፋይ ግድግዳ ከሌለ ወደ ጎን ይሮጣል። የጣሪያው ሽፋን እርሳስ የሚባለው ማዕድን ነው፤ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ በቃጠሎው መጀመሪያ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ከላይ ክፍት እንደሆነ ምድጃ አየር ይስባል።

እሳቱ የነካውን ድንጋይ ዛሬም መለየት ይቻላል። እንደ ባዝ ድንጋይ ያለ ትንሽ ብረት የያዘ ኖራማ ድንጋይ ሙቀቱ ወደ 250 እና 300 ዲግሪ ሲደርስ ከወርቃማነት ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ከ800 ካለፈ ደግሞ ራሱ ወደ ኖራነት ይቃጠላል። ባለሙያ ትንሽ ናሙና ቦርቡሮ አውጥቶ ሮዙ ቀለም ስንት ሴንቲ ሜትር እንደገባ ይለካል። ድንጋይ ሙቀትን በቀስታ ስለሚያሳልፍ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከፊቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ ከሥሩ ያለው ደኅና ነው። የበለጠ የሚጎዳው የጋለ ድንጋይ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭ የሚፈጠረው መሰንጠቅ ነው።

በዊትሊ እሳቱ ሲጠፋ የቤቱ አንድ ክፍል ባዶ ቀፎ ሆኖ፣ ሌላው ግን ጣሪያውን እንደያዘ ቀርቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ አልተነካም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

የዊትሊ ዕጣ የተቆረጠው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ንጽጽር እንውሰድ። በምዕራብ ሳሴክስ የሚገኘው አፕፓርክ በ1989 በጣሪያ ጥገና ሥራ ምክንያት ተቃጥሎ ላይኛው ፎቅና ጣሪያው ወደመ። ወዲያው በፖንቴ (በግንባታ መወጣጫ) የተሸከመ ጊዜያዊ ጣሪያ ተሠራለት፣ ፍርስራሹ እየተበጠረ ቅሪቱ ተለቀመ፣ ቤቱ በ1995 እንደገና ተከፈተ። በሰሪ የሚገኘው ክላንደን ፓርክ በ2015 ከዚያ በባሰ ሁኔታ ነደደ፤ እሱም በጊዜያዊ ጣሪያ ተሸፈነ፤ ውስጡ እንደ ቀድሞው እንዳይመለስ የተወሰነው ከዓመታት ውይይት በኋላ ነው። ጣሪያው ለመወሰኛ የሚሆን ጊዜ ገዝቷል።

ዊትሊ ይህ ዕድል አልደረሰውም። ስሚዝ ላለመጠገን ወሰነ፤ ርስቱ በጨረታ ተበታትኖ ተሸጠ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በጦርነቱ ጊዜና ከዚያም በኋላ እስከ 1954 ድረስ በእንግሊዝ ግንባታ በመንግሥት ፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ነበር፤ ጣውላ በኮታ ነው። ለባላባት ቤት የሚሆን ጣውላ ማንም አይሰጥም። በዚያው እጥረት ምክንያት ግን አሮጌ እንጨት፣ አሮጌ እርሳስና አሮጌ ብረት ዋጋ አላቸው። ቤቱ በ1954 አሮጌ ዕቃ በሚነግድ ሰው እጅ ገባ። በእኛ አነጋገር ቁራሌ ገዛው ማለት ነው፤ ዕቃው ግን ቤቱ ራሱ ነበር።

ሒሳቡን በምሳሌ ብናየው ፈተናው ይገባል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ ሽፋን በካሬ ሜትር 34 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ጣሪያ 34 ቶን እርሳስ ነው። ከዚያ የወለል ሳንቃው፣ ተሸካሚው ወራጅ፣ የእምነ በረድ ምድጃው፣ በሩ፣ የብረት ቱቦው ይከተላል። ለነጋዴው ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ለቤቱም የሞት ቅደም ተከተል ያው ነው። በሕግ በኩል የሚያቆመው ነገር ደካማ ነበር። የ1947 የከተማና ገጠር ፕላን ሕግ ታሪካዊ ቤቶችን ይመዘግባል፤ ሆኖም ባለቤቱ ሊያፈርስ ሲያስብ ማስታወቅ እንጂ ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅበትም ነበር። ፈቃድ ግዴታ የሆነው በ1968 ሕግ ነው። ዊትሊ በዚያን ጊዜ የሚነቀልለት ብዙም አልቀረውም።

ዝናቡ ምን አደረገ

ጣሪያ ሲነሣ ግድግዳው ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛው ባርኔጣው ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ በየፎቁ ያሉት የወለል ወራጆች ግድግዳውን ከግድግዳ ጋር ያስሩታል። 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ በየ4.5 ሜትር በወለል ከታሰረ ንፋሱ የሚገፋው አጭር አጭር ቁራጭ ነው። ሦስቱም ወለሎች ሲነቀሉ 13.5 ሜትር ከፍታ ያለው ነጻ ግድግዳ ይሆናል፤ የቁመቱና የውፍረቱ ንጽጽር ከ7.5 ወደ 22.5 ይዘላል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ወዲያው አይወድቅም፤ እየተወዛወዘ መጋጠሚያውን ይከፍታል።

በተከፈተው መጋጠሚያ ውሃ ይገባል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ በእያንዳንዱ ውርጭ ሌሊት ክፍተቱን ትንሽ ትንሽ ያሰፋል። የውስጥ ግድግዳዎች ይበልጥ ይጎዳሉ። የተሠሩት በልስን ሊሸፈኑ ታስቦ ስለሆነ ጥሩ ያልተቃጠለ፣ ለስላሳ ጡብ ተደርጎባቸዋል፤ ዝናብ ያያሉ ብሎ ያሰበ ግንበኛ አልነበረም። ጣሪያው ሲሄድ የውስጡ ግድግዳ በአንድ ጊዜ የውጭ ግድግዳ ሆነ።

ቀጥሎ ብረቱ። ዝገት ከመጣበት ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ከድንጋይ ጀርባ በእርሳስ ወይም በኖራ የተቀበረ ማያያዣ ሲዝግ የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው ድንጋዩን ወደ ውጭ ይገፋል። ምልክቱን ቀርቦ ያየ ሰው ይለየዋል፦ ከመጋጠሚያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ማዕዘኑን የሚቆርጥ ስንጥቅ፣ ከስንጥቁ ሥር ቡናማ የዝገት እንባ፣ ጣት ሲዳብሰው ከጎረቤቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ወጣ ያለ የድንጋይ ፊት። በትንሽ መዶሻ መታ መታ ሲደረግ ደኅናው ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ባዶ ጣሳ እንደመታው ያስተጋባል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን አርኪትራቩ፣ ማለትም በመስኮትና በበር አናት ላይ ተጋድሞ ግድግዳ የሚሸከመው ነው። ከውጭ ሲታይ መስኮቱ ላይ ያለው ድንጋይ ደኅና ነው። ከጀርባው ያለው የጡብ ግድግዳ ግን በብዙ እንዲህ ባሉ ቤቶች የተቀመጠው በእንጨት አርኪትራቭ ላይ ነው። እንጨቱ ተቃጥሎ ወይም በስብሶ ሲያልቅ በላዩ ያለው ጡብ የሚንጠለጠለው በኖራው ጥንካሬና በልማድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይዞ ይወርዳል። በፍርስራሽ ውስጥ ሰው የሚጎዳው ከዚህ ነው።

ተክል በመጨረሻ ይመጣል። ሐረግ፣ ዛፎች፣ እንዲሁም በአገራችን አንፋር የምንለው ዛፍ ዘመድ የሆነና ለሥሩ ኖራ የሚስማማው ቁጥቋጦ። ዘሩ በግድግዳው አናት ላይ ያርፋል፣ ሥሩ በመጋጠሚያው ወደ ታች ይወርዳል። ሐረግን በእጅ መንጠቅ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ድንጋዩን ይዞ ይመጣል። ከግርጌው ተቆርጦ እስኪሞትና እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ወፍራሙ ሥር ግን የግድግዳው አናት ጥቂት ረድፍ ካልተነሣ አይወጣም።

የማቆየት ሥራው

በ1972 ቤቱ በሞግዚትነት ወደ መንግሥት ገባ። ይህ ከ1882 ጀምሮ ያለ የእንግሊዝ ሕጋዊ መንገድ ነው፤ ንብረትነቱ ሳይዛወር እንክብካቤውን መንግሥት ይወስዳል። በ1984 የእንግሊዝን ታሪካዊ ቦታዎች የሚጠብቀው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ተረከበው፤ ይህ ተቋም ከ2015 ጀምሮ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የተመረጠው መንገድ ያለውን ባለበት ማቆም ነው፤ ጣሪያ አልተመለሰም።

እንዲህ ባለ ቤት ላይ ሥራው የሚጀምረው በመለካት ነው። እያንዳንዱ ግድግዳ ፎቶ ተነሥቶ በሥዕል ይወጣል፤ የሚነሣ ድንጋይ ሁሉ ቁጥር ይጻፍበታል። ፖንቴው የሚቆመው በራሱ ነው እንጂ ድንጋይ ተበስቶ አይታሰርም፤ በመስኮት በኩል ከውስጥ ወደ ውጭ ይቆለፋል። ከዚያ አደገኛው መስኮት ሁሉ በእንጨት ይደገፋል። የበሰበሰው አርኪትራቭ በአንዴ አይወጣም፤ ከላዩ ያለው ጡብ ግድግዳውን አልፈው በሚገቡ የብረት ወራጆች ተይዞ ግማሽ ግማሹ እየተቆረጠ በኮንክሪት ወይም በማይዝግ ብረት ይተካል። የዛገው ማያያዣ ተቆርጦ ይወጣና በማይዝግ ብረት ወይም በነሐስ ይለወጣል።

የግድግዳው አናት ዋናው ጉዳይ ነው። የተላቀቁት የላይኛዎቹ ረድፎች ይነሣሉ፣ ይጸዳሉ፣ በኖራ ይመለሳሉ። ጎንደርን ለሚያውቅ አንባቢ ኖራን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። እዚህ የሚመረጠው በውሃ ውስጥም የሚይዘው የተፈጥሮ ኖራ ሲሆን፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው አንድ እጅ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጅ ሻካራ፣ የተበጠረ አሸዋ ጋር ይቀላቀላል። አናቱ ላይ ውሃ የሚቆምበት ጎድጓዳ መቅረት የለበትም፤ ወደ ሁለቱም ጎን እንዲፈስ ሸካራ ተደርጎ ይገነባል። ሌላው አማራጭ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አፈርና የሣር ምንጣፍ ማልበስ ነው፤ ሣሩ ዝናቡን ይጠጣል፣ ከሥሩ ያለውንም ድንጋይ ከውርጭ ይከላከላል። ለሰፊ ግድግዳ ሣሩ ይሻላል፤ ለቀጭኑና ንፋስ ለሚመታው ግን አይቆይም፣ ይደርቅና ይበናል።

ፉጋው፣ ማለትም የመጋጠሚያው ሙሌት፣ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን የሚያቀላቅል ሥራ ያበላሻል። በጡቡ ላይ የላላው ኖራ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ጥልቀት፣ ወይም የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል ይጠረጋል፤ በውሃ ይታጠባል፤ አዲሱ ተጨምቆ ይገባል፤ መያዝ ሲጀምር በጠንካራ ብሩሽ ይመታል። በባዝ ድንጋዩ ላይ ግን መጋጠሚያው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ አሸዋ አይገባም። በብረት መጋዝ ምላጭ ይጠረግና የተቦካ ኖራ ከደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ይሞላል። መፈልፈያ ዲስክ የያዘ ሰው እዚህ መድረስ የለበትም፤ የ3 ሚሊ ሜትሩን መስመር በአንድ ጠዋት 8 ሚሊ ሜትር አድርጎት ይውላል፣ ከዚያ የሚመልሰው የለም።

ሥራው በእርጥብ ጆንያ ለቀናት ይሸፈናል፤ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይቆማል። ስለዚህ የሥራው ዘመን ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር፣ ቢበዛ ኦክቶበር ነው። በኖቬምበር «ቶሎ ጨርሱ» ተብሎ የተሠራ ፉጋ በማርች መሬት ላይ ዱቄት ሆኖ ይገኛል።

የግድግዳው ሆድ ባዶ ከሆነ ቀጭን የኖራ ድብልቅ ይፈስበታል። ከታች ተጀምሮ በአንድ ቀን ከአንድ ሜትር ቁመት በላይ አይሞላም። ፈሳሽ ድብልቅ እንደ ውሃ ይገፋልና፤ ችኩል ሠራተኛ ሦስት ሜትር በአንዴ ሲሞላ የድንጋዩ ፊት ሆዱን ነፍቶ ይወጣል።

ሲሚንቶ ለምን አይደረግም የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይነሣል። ጠንካራ ስለሆነ ነው። ከባዝ ድንጋይም ከለስላሳ ጡብም ይበልጣል፤ ውሃም አያሳልፍም። ግድግዳው የጠጣው ውሃ በመጋጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ ፊት ይወጣል፤ ጨውና ውርጭ የሚሠሩትም እዚያው ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚታየው የሲሚንቶው መረብ ቆሞ፣ በመካከሉ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተበልቶ ነው።

ጎረቤቱ

ቤተ ክርስቲያኑ በ1735 ተመረቀ፤ ውስጡ ግን ከሌላ የፈረሰ ቤት የመጣ ነው። የቻንዶስ መስፍን ለንደን አጠገብ ኤጅዌር ያሠራው ካነንስ የሚባል ቤተ መንግሥት በ1747 በጨረታ ተበትኖ ሲሸጥ፣ ሁለተኛው ሎርድ ፎሊ የጸሎት ቤቱን የአንቶኒዮ ቤሉቺ የኮርኒስ ሥዕሎችና ጆሹዋ ፕራይስ ከ1719 እስከ 1721 የሠራቸውን አሥር ባለ ሥዕል መስኮቶች ገዛ። የኮርኒሱ የኖራ ጌጥ ተነቅሎ የማይመጣ ስለሆነ በቅርጽ ማውጫ ተቀድቶ በተቦካ ወረቀት ተሠራና በወርቅ ተቀባ። ዛሬ ጎብኚ ቀና ብሎ የሚያየው ነጭና ወርቃማ ጌጥ ወረቀት ነው።

ወረቀት ከ270 ዓመት በላይ ቆሟል። ጎኑ ያለው ጥርብ ድንጋይና ጡብ በሠላሳ አምስት ዓመት ቀፎ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ነበረው፣ የሚያንጠባጥበውን ጣሪያ የሚያስተውል ሰው ነበረው። እሱም ቢሆን ከአደጋ አልራቀም፤ ቤቱ ከተተወ በኋላ ደጋፊ ባላባት ስላጣ ምእመናኑ ገንዘብ አሰባስበው ነው ጣሪያውን ያቆዩት።

ያልተቋጨው ክርክር

ዊትሊ ጣሪያ ይመለስለት የሚሉ አሉ። ለመቃወም በቂ ምክንያት አለ፦ ውስጡ አንድም ክፍል ሙሉ አይደለም፤ ምድጃው፣ ኮርኒሱ፣ ሳንቃው ተበትኗል፤ የሚሠራው አዲስ ቤት እንጂ ጥገና አይሆንም። ደግሞም ልስኑ መርገፉ የሕንጻውን ታሪክ አውጥቶታል። የፎሊ ዘመን ጡብ፣ የናሽ በረንዳ፣ የዶክስ የድንጋይ ሽፋን ማን ከማን በኋላ እንደመጣ በአንድ ግድግዳ ላይ ቆሞ ማንበብ ይቻላል፤ ቤቱ በሙሉ ጤንነቱ ላይ ሳለ ይህን ማንም አላየውም። ነገር ግን ባለበት ማቆየት ርካሽ አማራጭ ነው ማለት ስሕተት ነው። ጣሪያ ያለው ቤት ዋናው ወጪው ጣሪያው ነው፤ ጣሪያ የሌለው ቤት ግን እያንዳንዱ የግድግዳ አናት፣ እያንዳንዱ የመስኮት ደፍ ራሱን የቻለ ጣሪያ ሆኖ ይጠገናል።

ፏፏቴው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ታድሶ በጉብኝት ወቅት በተወሰነ ሰዓት ይለቀቃል። ግድግዳው ግን በየጊዜው ይታያል፦ ከብርዱ ወራት በኋላ አናቱ፣ ከከባድ ንፋስ በኋላ ከፍ ያሉት የጭስ ማውጫዎች፣ በየጥቂት ዓመቱ ደግሞ በማንሻ ወጥቶ በመዶሻ እየተመታ የበረንዳዎቹ ላይኛ ድንጋዮች። የሚመዘገበው በዋናነት ሦስት ነገር ነው፦ ባለፈው ፎቶ ላይ ያልነበረ ስንጥቅ፣ አዲስ የዝገት እንባ፣ እና በመጋጠሚያ ውስጥ የበቀለ ቡቃያ። ቡቃያው በዚያው ዓመት በእጅ ይወጣል፤ ለሦስት ዓመት ከቆየ ፖንቴ ይጠይቃል።